የፈረንሳዩ ቤት ሲያልቅ

ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ሰመር አባቴና እናቴ ሊፋቱ እንደሆነ ደረስኩበት። ማንም አልነገረኝም፤ የራሴ ምርመራ ውጤት ነው። ያኔ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር የምንኖረው። ከእኛ በታች ያለው ፎቅ የምትኖረው ጓደኛዬ ዮዲ በጉዳዩ የበሰለች ነበረች፤ ወላጆቿ ባለፈው ዓመት ተለያይተው አባቷ ፔትዎርዝ የሚባል ሰፈር ገብቷል።

«ፈርስት እናትሽ ስልክ ይዛ ባዝሩም ውስጥ መቆለፍ ትጀምራለች» አለችኝ በጣቶቿ እየቆጠረች። «ከዛ ሰዎች ዝም ብለው ምግብ ይዘው ይመጣሉ። ከዛ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ሽማግሌ ከመጣ፣ ሮሆ፣ ኢትስ ኦቨር።» ሮሆ የምትለኝ እኔን ነው።

እናቴ ስልክ ይዛ መታጠቢያ ቤት መቆለፍ ከጀመረች ሰንብታ ነበር። ውኃውን ከፍታ ነው የምታወራው። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ፣ «ሻምፖ ገብቶብኝ ነው» ትላለች፤ ፀጉሯ ግን ደረቅ ነው።

አባቴ ፍሰሐ በዚያ ዓመት ከእኛ ብዙ ሳይርቅ አሌክሳንድሪያ ከተማ የፈረንሳዩን ቤት ከሚያድሱት ሠራተኞች አንዱ ነበር። ቤቱን እንዲያ ያልነው እኛ ነን፤ በሩ ላይ የተለጠፈው ስም ረጅም ስለሆነ ማናችንም ጠርተነው አናውቅም። ፖቶማክ ወንዝን ቁልቁል የሚያይ፣ ባለ አንድ ክብ ግንብ የድንጋይ ቤት ነው። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ፈረንሳይ አገር ለአንድ የጨርቅ ነጋዴ ተሠራ። ብዙ ዘመን ቆይቶ አንድ የናጠጠ አሜሪካዊ ገዛውና ድንጋይ በድንጋይ አስነቅሎ፣ በየድንጋዩ ጀርባ ቁጥር አስጽፎ፣ በመርከብ አምጥቶ እዚህ እንደገና አስገጠመው። ሰውየው ሲሞት ቤቱ ባለቤት አጣ፤ ጣሪያው አፈሰሰ፣ ግድግዳው ላይ ዛፍ በቀለበት። አሁን ቅርስ ነው ተብሎ፣ ታድሶ ለሕዝብ ሊከፈት ነበር።

የአባቴ ሥራ ስካፎልድ በሚሉት የብረት መወጣጫ ላይ ቆሞ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ክፍተት በኖራ መሙላት ነው። ሲሚንቶ ክልክል ነው፤ አሮጌ ድንጋይ ይሰብራል። ኖራ ይስማማዋል፤ ችግሩ ኖራ አይቸኮልም። ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የተሞላው ግድግዳ በእርጥብ ጆንያ ይሸፈንና በየቀኑ ውኃ እየተረጨለት፣ እንደ አራስ ልጅ ይጠበቃል። አባቴ ማታ ቤት ሲገባ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ነበር፤ እናቴ በር ላይ ጫማውን ካላስወለቀች አታስገባውም።

እናቴ እታለማሁ ሆቴል ስለምትሠራና የሚይዘኝ ሰው ስላልነበረ፣ ትምህርት ሲዘጋ አባቴ ሥራ ቦታው ይዞኝ ይሄዳል። እድሳቱን የምትመራው ሚስ ዶረቲ ነጭ ፀጉሯን በእርሳስ የምትቋጥር ሴትዮ ነበረች። ቢጫ ሄልሜት ሰጠችኝና ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ካለው ጠረጴዛ ያለ ፈቃድ እንዳልነሳ አስማለችኝ። ዛሬ ቢሆን ኢንሹራንሱ ብቻ ጉድ ያፈላባት ነበር።

አባቴ ያን ሰመር ደስተኛ ነበር። ይህን መናገር አለብኝ። ከስንት ዓመት ጥበቃ በኋላ የመኖሪያ ወረቀቱ ተስተካክሎለት፣ ቤቱ ሲመረቅ በማግስቱ ደብረ ብርሃን ሄዶ እናቱን ሊያይ ትኬት ቆርጧል። ከአገር ሲወጣ እኔ ገና አልተወለድኩም፤ ከዚያ ወዲህ አይቷቸው አያውቅም። ሳሎናችን ጥግ ላይ ትልቅ ሻንጣ አፉን ከፍቶ ተቀምጦ ነበር። እዚያ ውስጥ የደም ግፊት መለኪያ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ሻሽ፣ የእኔ የትምህርት ቤት ፎቶግራፍ አለ። አንድ ነገር በጨመረ ቁጥር «እማማ እንግዳወርቅ ይሄን ስታይ!» ይላል፤ ብቻውን ይስቃል።

ዋናውን ማስረጃ ያገኘሁት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። አባቴ ሥራ ነበር። ጋሽ ወልደአምላክ፣ አባቴ እዚህ አገር ሲመጣ የተቀበሉት ሰው፣ ከባለቤታቸው ከእትዬ ሸዋረገድ ጋር መጡ። እትዬ ሸዋረገድ በፎይል የተሸፈነ ምግብ ይዘዋል። ሌላ ጊዜ ጉንጬን ሳይቆነጥጡ የማያልፉ ሴትዮ ያን ቀን ግንባሬን ብቻ ስመው ቀና አሉ። እናቴ መኝታ ቤት ገብቼ በሩን እንድዘጋ አዘዘችኝ። ገባሁ፤ በሩን ግን ጥቂት ገርበብ አደረግሁት።

«አሁን ቢሰማ ምን ይጠቅመዋል?» አሉ ጋሽ ወልደአምላክ። «ቀኑን ሙሉ ስካፎልድ ላይ ነው የሚውለው። ልቡ ከተሰበረ ይወድቅብናል።»

«እኔስ እስከዚያ እንዴት አድርጌ ዓይኑን ልየው?» አለች እናቴ። «ጋሼ፣ አይሆንልኝም። ፊቴን አይቶ ያውቅብኛል።»

«ቻይው እንጂ እታለም። ቤቱ ሲያልቅ ይነገረዋል። ሽማግሌዎቹን ይዤ በማለዳ እመጣለሁ።»

ስልክ፣ ምግብ፣ ሽማግሌ። ዮዲ ያለችው ሁሉ ሞላ። እናቴ አባቴን ልትተወው ነው፤ ልቡ ሊሰበር ነው፤ የሚነገረውም የፈረንሳዩ ቤት ሲያልቅ ነው። እንግዶቹ እንደሄዱ እናቴ ነጠላዋን ከቁም ሳጥኑ አወጣች። አዘቅዝቃ ጥለቱን ወደ ላይ አንገቷ ላይ አድርጋ፣ ጫፉን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች። የአባቴ መኪና ፓርኪንግ ስትገባ ድምጿን ሰማንና እናቴ ነጠላውን አጣጥፋ፣ ፊቷን ታጥባ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች።

ያን ወሬ አማርኛ የሚሰማ አዋቂ በር ጥግ ቆሞ ቢሰማው ወዲያው ይገባው ነበር። እማማ እንግዳወርቅ አርፈዋል። የአባቴ እህት የደወለችው ለእኛ ሳይሆን ለጋሽ ወልደአምላክ ነው፤ ወጉም እንደዚያ ነው። እናቱ የሞተችበት ሰው መርዶውን በስልክ አይሰማም። ወዳጆቹ ተሰብስበው፣ ማልደው በሩን አንኳኩተው፣ ግራና ቀኝ ይዘውት ነው የሚያረዱት፤ እስከዚያ አገር ምድሩ ያውቃል፣ እሱ ብቻ አያውቅም። ይህንን እኔ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው የዮዲን ትምህርት ብቻ ነበር።

በነጋታው እሑድ፣ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንደ ልማዱ በስልክ ካርድ ወደ ደብረ ብርሃን ደወለ። ጠራ፣ ጠራ፣ የሚያነሳ ጠፋ።

«ኔትወርክ የለም ሲሉ ሰምቻለሁ» አለች እናቴ ጀርባዋን እንደሰጠችው።

«ይጠራል እኮ።»

«ይጠራል፤ ግን አይደርሳቸውም አሉ።»

አመናት። «እሺ፣ እንግዲህ ጫማውን እንግዛ» አለና ሦስታችንም የጫማ መደብር ሄድን። አባቴ ሰማያዊ፣ ውስጡ ፀጉራም የሆነ የቤት ጫማ መረጠና እናቴ ፊት ተንበረከከ። «እግሯ እንዳንቺ ነው፤ እስቲ ሞክሪው።»

እናቴ እግሯን ከተተች። ወዲያው እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ጠበበኝ» አለች።

«የት ጋ? ተረከዝሽ ጋ ቦታ አለ።»

«ጠበበኝ አልኩህ፣ ፍሰሐ! አውልቅልኝ!»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየን። አባቴ ደንግጦ ጫማውን አወለቀላት፤ ካርቶኑ ውስጥ ከቶ ከፈለበት። እኔ ደግሞ እናቴን በጣም ጠላኋት። ለአማቷ አንድ ጫማ ብትለካ ምን ትሆናለች? የሟች ጫማ እግሯ ላይ አጥልቃ ፈገግ እንድትል መጠየቋን በምን ልወቅ?

ሰው ሁሉ አባቴን ያየው የነበረውን አስተያየት አልረሳውም። መንገድ ላይ የሚያገኙት ሰዎች እጁን ጨብጠው ቶሎ አይለቁትም። በር አንኳኩቶ ዶሮ ወጥ የሚሰጠን በዛ። አባቴ፣ የዋሁ፣ «ልሄድ ነው ብለው እኮ ነው፤ ሰው እንዴት ይወደናል!» ይል ነበር። እኔ ብቻ የተረዳሁ መስሎኝ ቤቱ እንዳያልቅ በየምሽቱ እጸልይ ጀመር።

ጸሎቴ አልሠራም። ሚስ ዶረቲ አንድ ረቡዕ ጠዋት ግንቡን ዞራ አይታ፣ በዚሁ ሳምንት ትጨርሳላችሁ ብላ ለሠራተኞቹ ዶናት አመጣች። የምሳ ሰዓት ሲደርስ አባቴ ዛፉ ሥር ከጎኔ ተቀምጦ ሳንድዊቹን ከፈተ። ከዚያ በላይ መቻል አልቻልኩም።

«አባዬ፣ ቤቱን ባትጨርሰውስ?»

«ለምን?» አለ እየሳቀ።

«ሲያልቅ ይነግሩሃላ።»

«እነማን ናቸው የሚነግሩኝ?»

«ጋሽ ወልደአምላክ። ሽማግሌዎች ይዘው በጠዋት ይመጣሉ። አሁን ከነገሩህ ልብህ ተሰብሮ ከስካፎልድ ትወድቃለህ ብለው ነው። እማዬም አልቅሳለች።»

ሳንድዊቹን ወረቀቱ ላይ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ የጠየቀኝ ነገር ገረመኝ።

«እማዬ ስታለቅስ ምን ለብሳ ነበር?»

«ነጠላ።»

«ጥለቱ ወዴት ነበር?»

እጄን አንገቴ ላይ አድርጌ አሳየሁት። «እዚህ ጋ። ወደ ላይ።»

አባቴ ጣቶቹ ላይ የደረቀውን ኖራ አንድ በአንድ ይልጥ ጀመር። እኔ ፍቺው ገብቶት ነው ብዬ፣ ነገሩን እንዳላበላሸሁ ፈራሁ። «ልትፋቱ ነው?» አልኩት።

ፊቱን ወደ እኔ አዞረና ረጅም ጊዜ አየኝ፤ የሚያየኝ ግን እኔን አልመሰለኝም። «አይደለም» አለ። «ማንም ከማንም አይፋታም፣ የኔ ልጅ። ለእማዬ እንደነገርሽኝ ግን አትንገሪያት። እሺ?»

«ሲክሬት ነው?»

«አዎ፣ ሲክሬት ነው።»

ተነስቶ ወደ ግንቡ ሄደ። መሰላሉን ሲወጣ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልወደቀም። ላይ ደርሶ ከእርጥቦቹ ጆንያዎች ኋላ ገባ፤ ከዚያ የውኃ መርጫው ድምፅ ተሰማ። ለረጅም ጊዜ አላቆመም። በውኃው ውስጥ ሌላ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ፤ ወንዙ ላይ የሚያልፍ ጀልባ ነው አልኩ። ሲወርድ ፊቱ፣ ሸሚዙ፣ ሁሉ ነገሩ ርሷል። «ውኃው ተረጨብኝ» አለኝ ሳልጠይቀው።

ያን ቀን ማታ ሰማያዊውን ጫማ ሻንጣው ውስጥ ከተተና ዚፑን ዘጋ። «ሞልቷል፤ ከእንግዲህ ምንም አንገዛም» አላት እናቴን። እናቴ እፎይ ስትል አየኋት።

ዓርብ ደረሰ፤ ቤቱ ግን አላለቀም። አባቴ የሰሜኑ ግድግዳ ገና አልያዘም፣ ጆንያው ቢነሳ ይሰነጠቃል አለ። ሚስ ዶረቲ ራሷ ወጥታ ግድግዳውን ነካካችው። የያዘ ይመስለኛል አለችው። አባቴ ትንሽ ጊዜ ስጪኝ አላት። ፊቱን አየችና የምርቃቱን ቀን ገፋችለት፤ አባቴም ትኬቱን አስቀየረ። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችውም፤ ስለዚህ ነገር እስከ ዛሬ ባለውለታዬ ናት። እኔማ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አባቴ ምክሬን ሰምቷል፤ ቤቱን አይጨርሰውም፤ እኛም እንደዚሁ እንኖራለን።

እንደዚሁ መኖር ግን እናቴን ይጨርሳት ጀመር። በየምሽቱ «መቼ ነው የሚያልቀው?» ትለዋለች። «ኖራው አልያዘም» ይላታል። በየእሑዱ አዲስ ውሸት መፍጠር ነበረባት፤ መስመር ተቆርጧል፣ ስልኩ ተበላሽቷል፣ እማማ ጠበል ሄደዋል። የሥራ ልብሷ ሰፋት። ቤታችን ያረረ ወጥ ይሸት ጀመር፤ እናቴ ወጥ አሳርራ አታውቅም ነበር።

አንድ ማታ እራት ላይ ለእኔና ለአባቴ አቅርባ ለራሷ ማቅረብ ረሳች። ባዶ ሰሃን ፊቷ አድርጋ ተቀመጠች። አባቴ ሰሃኑን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ። ከዚያ በፊት ሁለቱ በደንብ ተያይተው የሚያውቁ አልመሰለኝም።

«ዓርብ ያልቃል» አለ።

«የምርህን ነው?»

«ዓርብ ያልቃል። በቃ። በጣም ደክሞሻል።»

«እኔ ምን ሆኜ? የደከምከውስ አንተ ነህ» አለች እናቴ ፊቷን አዙራ። እኔ ጠረጴዛው ሥር የአባቴን እግር መታሁት። ከዳኸኝ ማለቴ ነበር። ሰሃኗ ላይ ከራሱ አካፍሎ አደረገላት።

አባቴ ያኔ ምን ያውቅ እንደነበር የሰማሁት ኮሌጅ ስጨርስ ነው፤ በፈረንጆቹ 2017 ጸደይ ላይ። እኔና አባቴ እንደ ማንኛውም ጎብኚ ደረታችን ላይ ወረቀት ተለጥፎልን የፈረንሳዩን ቤት ጎበኘን። ወጣቱ አስጎብኚ ስለ ጨርቅ ነጋዴው ሲያወራ አባቴ ግንቡ ውስጥ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። «ሰር፣ እባክዎ አይንኩ» አለው ልጁ። አባቴ እጁን ሰብስቦ ይቅርታ ጠየቀ። ሳቄ መጣ፤ ልናገር ስል ክንዴን ያዘኝ።

ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ «ያኔ እዚህ ስትነግሪኝ ነው የሰማሁት» አለኝ።

«ምኑን?»

«የእማማን ነገር ነዋ። ስንቱን ሰው እኔ ራሴ ማልጄ አርድቻለሁ። ቤቱ ሲያልቅ፣ ሽማግሌ፣ ጠዋት ስትዪኝ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?»

ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። በዘጠኝ ዓመቴ፣ ሳንድዊች እየበላሁ፣ አባቴን አርድቼዋለሁ። ይህን አይቶ እጄን ያዘ። «ካንቺ በመስማቴ ደስ ይለኛል» አለ። «ከዛማ፣ እስካልተነገረኝ አልሞተችም እያልኩ ራሴን ሳታልል ከረምኩ። ግድግዳው ከያዘ ቆይቶ ነበር። በኋላ ግን እናትሽን አየኋት።»

«ታዲያ ለምን ሰምቻለሁ አላልካትም?»

«እንዴት ብዬ? ለእኔ ብላ ያን ሁሉ ቀን እንባዋን ውጣ፣ ልፋቷን ሜዳ ላይ ልበትነው? በደንብ ደብቄዋለሁ ብላ እስከ ዛሬ ትኮራለች። እንዳትነግሪያት።» አልነገርኳትም።

መርዶው ስለመጣበት ቅዳሜ ማለዳ ግን አባቴም የማያውቀው ነገር አለ፤ እሱን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ቤቱ በዋዜማው አልቋል። እኔ ሽማግሌዎቹን በር ላይ ለማስቆም አስቤ ጎህ ሲቀድ ነቃሁ። አባቴ ሳሎን ሶፋው ላይ ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን አስሮ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ታች ፓርኪንጉ ውስጥ የመኪና በር ተዘጋ፤ ሌላም፣ ሌላም። አባቴ ተነሳ። ኮሪደሩ ላይ ሲያየኝ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ጫማውን አውልቆ በእጁ ያዘና ኮቴውን አጥፍቶ ወደ መኝታ ቤታቸው ገባ። ተከተልኩት።

እናቴ ዓይኗን ጨፍና ተኝታለች። እንዳልተኛች ግን አወቅሁ፤ ሽፋሽፍቷ ይርገበገባል፣ ከብርድ ልብሱ ሥር ደግሞ የጥቁር ቀሚሷ ጫፍ ወጥቷል። አባቴ አላየውም። ከነልብሱ ከጎኗ ገብቶ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበና እሱም ዓይኑን ጨፈነ። ያኔ እናቴ፣ በእንቅልፍ ልቧ እንዳደረገችው ሁሉ፣ እጇን አንስታ ደረቱ ላይ ጣለችው። አባቴ በራሱ እጅ ሸፈነው።

ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። በሩ ሲንኳኳ ማንም ሳይቀድመኝ ሮጬ ከፈትኩት። ጋሽ ወልደአምላክ፣ እትዬ ሸዋረገድ፣ ከኋላቸው እስከ ደረጃው ድረስ ጥቁር የለበሰ ሰው ቆሟል።

«ተመለሱ!» አልኳቸው እየሳቅሁ። «አልተጣሉም እኮ! ተቃቅፈው ተኝተዋል፤ ገብታችሁ እዩ!»

ጋሽ ወልደአምላክ ባርኔጣቸውን አወለቁና ራሴን ዳብሰውኝ አለፉ፤ ወንዶቹም ተከትለዋቸው ገቡ። እትዬ ሸዋረገድ ሆዳቸው ላይ አስጠግተውኝ ጆሮዬን በሁለት እጃቸው ደፈኑኝ። የአባቴ ጩኸት ግን በጣቶቻቸው መካከል አልፎ መጣ፤ «እናቴን!» ይላል፤ እኔም ፊቴ ላይ የቀረውን ሳቅ የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ በሩን እንደያዝኩ ቆምኩ።